ለዓረፋ የተቀባ ግድግዳ

መርሳ መናኸሪያ ከአውቶቡስ አስወርደው ሲይዙኝ ቦርሳዬ ውስጥ ያገኙት አንድ ደብተር ነው። የሥዕል መምህርት ነኝ። የሀብሩ ወረዳ የገጠር ሴቶች በቤታቸው ግድግዳ ላይ በቀይና በነጭ አፈር የሚስሉትን እየዞርኩ በደብተሩ እገለብጥ ነበር።

«ይሄ የየት መንገድ ካርታ ነው?» አለኝ መርማሪው።

«የቤት ጌጥ ነው።»

በደብተሩ ፊቴን መታኝ። በማግስቱ ወልድያ ወሰዱኝ።

ያሰሩኝ ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው፤ ወለሉ እርጥብ፣ መስኮት የለውም። አንዲት የሲሪንቃ አካባቢ እናት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የሚፈለገው ልጃቸው ቢጠፋ በእሱ ፈንታ ተይዘው ነው። በምን እንደታሰርኩ ስነግራቸው «ሱብሃነላህ!» ብለው ሳቁ።

የዓረፋ ዋዜማ ከግቢው በቀሚሳቸው ጫፍ ቀይ አፈር ቋጥረው ገቡ። ከሚጠጡት ውሃ ቀንሰው ለወሱት። በጣታቸው ግድግዳው ላይ ተራራ የሚመስል መስመር አሰመሩ፤ ከሥሩ እንደ ማሽላ ፍሬ ነጠብጣብ አደረጉበት።

«እዚህ ምን ያደርጋል እማማ?» አልኳቸው።

«በዓል ደርሶ ግድግዳው ባዶ ከሆነ ሐዘን የገባበት ቤት ነው። የኔ ልጅ አልሞተም። ወላሂ አልሞተም።»

ጠባቂው በሩን ከፈተ። በዕድሜ እናቱ ይሆናሉ፤ እሱ ግን «አንቺ» አላቸው።

«ምንድን ነው የጻፍሽው? በሻሽሽ አጥፊው!»

«ሻሼ ከራሴ አይወርድም። እጅ አለኝ።»

በዱላ ትከሻቸውን መታቸው። ሻሹን አልነኩትም። ተነሥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ያብሱት ጀመር፤ የሙሽራ ቤት እንደሚለስን ሰው፣ ከላይ ወደ ታች፣ ረጋ ብለው። እርጥቡ አፈር እየተዳረሰ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ቀላ።

«ይኸው፣ ጠፋልህ» አሉት።

ጠባቂው ትንሽ ቆሞ አየና በሩን በኃይል ዘጋው። እሳቸው ወደኔ ዞረው «ዒድ ሙባረክ» አሉኝ።

ከበዓሉ በኋላ ወሰዷቸው፤ ወዴት እንደሆነ የነገረኝ የለም። እኔ ከወራት በኋላ ተፈታሁ። መንደራቸው ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ። አልተመለሱም።

ባለፈው ሳምንት ወልድያ ገበያ ውስጥ ያ ጠባቂ «መምህርት፣ ደህና ነሽ?» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። አልጨበጥኩትም።

«እኚያ እናት የት ደረሱ?» አልኩት።

«የትኛዋ?»

የምሩን ነበር፤ አላስታወሳቸውም። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ ዱላው ያረፈበትን ትከሻ ሳይቀር። ሊሄድ ሲል አብሬው እየሄድኩ ነገርኩት። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየን ነበር። ይቅርታ እንዲለኝ አልፈለግኩም። የትኛዋ እንደሆኑ እንዲያውቅ ነው የፈለግኩት።