የአቶ አባይነህ የቀን መጋረጃ

ጎረቤቴ አቶ አባይነህ ሐረር ተወልደው ባሕርን በሃያ ዓመታቸው ያዩ ሰው ናቸው። በደርግ ጊዜ ባሕር ኃይል ገብተው፣ ቀይ ባሕር ላይ ባለች ትንሽ ደሴት፣ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየውን ጥንታዊ የመብራት ማማ ጠበቁ። አሥራ አንድ ዓመት! እኔ ብሆን በሳምንቴ በዋና እወጣ ነበር፤ ዋና ደግሞ አልችልም።

«ማብራቱ ቀላል ነው፤ ሥራው ጠዋት ነው» ይላሉ። ጎህ ሲቀድ በትልቁ ሌንስ ዙሪያ መጋረጃ ይጋረዳል፤ አለዚያ ፀሐይ በሌንሱ ገብታ ያገኘችውን ታቃጥላለች። አንድ ጠዋት ረስተው፣ የገዛ ካፖርታቸው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነደደ። ያ ካፖርት ዛሬም ከልባቸው አልወጣም።

ዘንድሮ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ለበሱ። እዚሁ ሐረር አቦከር ሰፈር፣ ከእሳቸው በር እስከ እኔ በር ያለችውን አሥር እርምጃ ግድግዳ እየዳበሱ መምጣት ጀመሩ። ሐኪሙ «ሞራው ወጥቶ ሌንስ ይገባልዎታል፤ ካልሆነ ይታወራሉ» ቢላቸው፣ ብድግ ብለው ወጡ።

«ሌንስ ዓይኔ ውስጥ? እኩለ ቀን ላይ ማን ሊጋርደው ነው?»

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። ሰው በካፖርት ሰበብ ይታወራል? ሐኪሙ ደጋግሞ አስረዳቸው፣ እኔም ጮኽኩባቸው፤ ወይ ፍንክች!

ያሸነፈቻቸው አሚና ናት፣ ግድግዳ የምትጋራቸው ኮፍያ ሰፊ። እሷ አልተከራከረችም። ሁለት ቀን ሙሉ ሰፍታ፣ ዙሪያውን ሰፊ ጥላ ያለው ባርኔጣ ይዛ መጣችና ጠርዙን በጣታቸው አስዳሰሰቻቸው።

«መጋረጃዎ ይኸው፣ ጋሽ አባይነህ። ጠዋት ጠዋት እኔ አስታውስዎታለሁ።»

«በየቀኑ?»

«ሱብሂ ሰግጄ ስጨርስ በርዎን አንኳኳለሁ። ወላሂ አልረሳም።»

ጠርዙን ዙሪያውን ዳግም ዳብሰው «እንግዲያው ይሁን» አሉ።

የመጀመሪያው ዓይናቸው ፋሻ ሲፈታ እኔና አሚና አጠገባቸው ቆመን ነበር። ዓይናቸውን አርገበገቡ፣ ፊታቸውን አዞሩ፣ አሚና ላይ አፈጠጡ።

«ውይ አሚና! ለካ አርጅተሻል!»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች። «ያያሉ! በደንብ ያያሉ!» እየሳቀች ታለቅስ ነበር፤ እኔም እንደዚያው።

እሳቸው ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት።

«አሥራ አንድ ዓመት ለማላውቃቸው ሰዎች አበራሁ፤ አንዱንም በመልክ አላየሁትም። ለእኔ ያበራችልኝን ግን ይኸው አየኋት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

ከዚያ ባርኔጣቸውን አጥልቀው ወደ ፀሐዩ ወጡ።