ገብሱ ላይ የወረዱት ዝይዎች

መካነ ሰላም ከተማ አንድ ሰርግ ላይ ጥይት ሲተኮስ የባሩዱ ሽታ የልጅነቴን የገብስ ማሳ አስታወሰኝ። ዝይዎች ቡቃያውን ሲግጡ አባቴ ተኩሶ አንዱን አቆሰለው። ክንፉን እየጎተተ ከማሳው ግርጌ ያለው ረግረግ ውስጥ ገባ። ሌሎቹ በረሩ፤ ጥንዱ የሆነችው እንስት ግን ተመልሳ ረግረጉ ዳር ላይ አረፈች።

«ጋሼ፣ እሷንም ይጣሏት እንጂ! አጠገብዎ ናት» አለው ታናሽ ወንድሙ።

«ሐዘን ላይ ናት፤ አልተኩስባትም» አለ አባቴ። ጠመንጃውን አስቀምጦ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የቆሰለውን ፈለገ፤ ሲያገኘው ቢስሚላህ ብሎ አረደው።

«ወፍም ያዝናል እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። እሷ ለቀናት ማሳው ላይ ስትጮህ ሰነበተች።

አምና እናቴ ስትሞት አባቴ ከመቃብሯ አልነሳም አለ። ወንድሞቼ ሊጎትቱት ሲሉ፣ «ተዉት» አልኳቸው።