የተሰማ ኮት

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ገብቶ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ጫካው ዛሬ ከምታዩት ይልቅ ወደ ቤታችን ይቀርብ ነበር። ከመናገሻ ወደ ሰበታ የሚወርደው ወንዝ የክረምቱን ድፍርስ ጥሎ ጠርቷል፤ ጉልበቱ ግን ገና አልበረደም። ድምፁን ልብ በሉልኝ ልጆች፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው።

ነብር ልናድን የሄድነው ሦስት ሆነን ነው። አንደኛው አጎቴ ኦቦ ዲንሳ ናቸው፤ ምንሽሩን የያዙት እሳቸው። ሁለተኛዋ እኔ፤ ፊደልን በኋላ ብቻዬን ታግዬ ለየሁት እንጂ መጀመሪያ ያነበብኩት ዱካ ነው፣ እሱንም ከእሳቸው ኋላ ኋላ እየሄድኩ። ሦስተኛው ባሌ ተሰማ ነው። ከመንዝ መጥቶ ሰበታ ገበያ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ ከተጋባን ዓመት አልሞላንም፣ ከኦሮምኛም የሚያውቀው ሰላምታ ብቻ ነበር።

ነብሩ ፍየሎቻችንን ሲጨርስ ዝም አልነው። ውሃ ልትቀዳ የወረደች ጎረቤታችንን ትከሻዋን ሲቧጥጣት ግን ሴቶቹ ወንዝ መውረድ ፈሩ። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ተነሣን።

ተሰማ የሰርጉን የሱፍ ኮት ለብሶ ወጣ። ኦቦ ዲንሳ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አማቼ፣ ነብሩ እኮ ድግስ አልጠራንም።»

«ጫካው ይበርዳል ኦቦ። አንቱስ ጋቢዎን ደርበው የለ?»

«እንግዲህ ኮቱ ነብሩን ካማረው እኔ የለሁበትም» አሉና መንገዱን ጀመሩ።

ወንዙን ይዘን ሽቅብ ወጣን። ጥዱና ኮሶው ከላይ ተገጣጥሞ ፀሐይ የምትገባው በቀዳዳ ነው። መጀመሪያው ፏፏቴ ዳር ጭቃው ላይ ዱካውን አገኘሁት። ክብ ነው፣ የጥፍር ምልክት የለበትም፤ ጅብ ጥፍሩን ያሳያል፣ ነብር ሲራመድ ይሸሽጋል። ውሃ ገና ወደ ውስጡ እየሰረገ ነበር።

ሁለተኛው ፏፏቴ ዘንድም እንደዚያው። በመካከሉ ባለው መንገድ ግን ዱካው ይሳሳል፣ ይጠፋል፤ ፏፏቴ ጋ ስንደርስ ደግሞ ይርመሰመሳል። ነገሩ ከነከነኝ።

«ኦቦ፣ ይኼ አውሬ ፏፏቴ ምን ያደርግለታል? ውሃ እንደሆነ የትም አለ።»

«መጠየቅ ትወጃለሽ። መልሱንም ራስሽ ፈልጊው።»

ውሃው ዳር ቁጢጥ አልኩ። ስነሣ ደረቅ እንጨት ረገጥኩ፤ ሲሰበር በእግሬ ተሰማኝ እንጂ በጆሮዬ አልሰማሁትም። ያኔ ገባኝ። ድኩላው ለመጠጣት ሲያጎነብስ ከኋላው የሚመጣውን አይሰማም። ለነብሩ ፏፏቴው የመደበቂያ ቁጥቋጦ ማለት ነው። ለኦቦ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እኔም ደስ አለኝ። ያው ውሃ የእኛንም ጆሮ እንደሚደፍን ግን አንዳችንም አላሰብንም።

ከላይኛው ፏፏቴ አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ሲሞቅ አየነው። ኦቦ ተኮሱ። ተወርውሮ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ፤ ድንጋዩ ላይ የቀረው ደም ጥቂት ነው።

ኦቦ ጆሯችን ሥር መጥተው፣ «የቆሰለ ነብር አይሸሽም፣ ይጠብቃል። እኔ በላይ ዞሬ ልምጣበት» አሉ። ተሰማን ውሃው መካከል ካለው ድንጋይ ላይ አቆሙት፤ ገላጣ ነው፣ ይሻለዋል ብለው። እኔ ጦር ይዤ ከወዲህ ዳር ቀረሁ።

ተሰማ ፊቱን ወደ እኔ መልሶ ቆሟል። ከጀርባው ያለው ቅጠል በፏፏቴው ንፋስ ሁሉም ባንድነት ይወዛወዛል። ከመካከሉ አንዱ ግን አልተወዛወዘም፤ ተከፈተ። ወደ ኋላ የተጣበቁ ጆሮዎች አየሁ።

ሰው ሲደነግጥ አፉን የፈታበት ቋንቋ ይቀድመዋል። «ኮቱ! ተሰማ፣ ኮቱ!» ብዬ ጮኽኩ። በኦሮምኛ ና ማለት ነው፣ ወደ እኔ ና።

ተሰማ አየኝ። ከዚያ ኮቱን አየ። ከዚያ አወለቀው። አንዱን እጅጌ፣ ቀጥሎ ሌላውን። አብዷል አልኩ በልቤ። ጀርባው ላይ እባብ የወጣበት መስሎት ኖሮ፣ በሁለት እጁ ዘርግቶ ሊያየው ወደ ብርሃኑ፣ ወደ ነብሩ በኩል ዞረ። ነብሩም ተነሣ። የተወረወረው ግን ተሰማ ጀርባ ላይ ሳይሆን፣ የተዘረጋው ኮት ላይ ነው።

ተሰማ ወደ ኋላው ውሃው ውስጥ ወደቀ። ነብሩ ድንጋዩ ላይ ኮቱን በጥርሱ ይዞ ሲቦጫጭቀው የኦቦ ሁለተኛ ጥይት አገኘው።

ተሰማን ከውሃው ጎትቼ አወጣሁት። ክንዱ ላይ አንድ የጥፍር መስመር ብቻ ነበር። ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣

«ምን አይተሽበት ነው?» አለኝ።

«ምኑ ላይ?»

«ኮቱ፣ ኮቱ ስትዪ አልነበረም እንዴ?»

ኦቦ ዲንሳ ምንሽሩን አስቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ነገሩት። ከዚያ ሳቁን ተዉና ነብሩን እያዩ፣ «ገብቶህ ወደ እሷ ብትሮጥ ኖሮ ጀርባህን ሰጥተኸው ነበር» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ሰው ስመራ ፏፏቴው ሳይደርስ አስቆማለሁ። ቁም እንዲህ፣ ና እንዲህ፣ ተኛ እንዲህ፣ እያልኩ በእጄ አሳያለሁ። ውሃ ዳር አፍ አይታመንም። እናንተንም እያሰለቸሁ የማስጠናችሁ ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ተሰማን ያዳነው ማነው? እኔ ነኝ እንዳልል፣ የጮኽኩት የሚያስገድለውን ነው። ኦቦን ደጋግሜ ጠይቄያቸው፣ «መጠየቅ ትወጃለሽ» እንዳሉኝ አለፉ።

ኮቱን በሌላ ጨርቅ ጥፌዋለሁ፤ ያው በሩ ኋላ ተሰቅሏል። ተሰማ ዛሬ ኦሮምኛውን በዘመዶቼ እስኪያሾፍ ድረስ ይናገረዋል። ገበታ ቀርቦ «ኮቱ» ብዬ ስጠራው ግን፣ ሁልጊዜም ከጓዳ የሚመልስልኝ አንድ ነው፦

«ልልበሰው ወይስ ላውልቀው?»