የዐሥሩ ጣት አሻራ

ካርቱም፣ ዴም በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተን እንኖር ነበር። አንዷ ጴንጤ ናት፤ ዐማራት በሚባለው ሰፈር አንድ ሀብታም ቤት ትሠራለች፤ አፏ አያርፍም። ሁለተኛዋ ሻይ ትሸጣለች፤ ከሁላችን ታናሽ፣ እንደኔ ኦርቶዶክስ፣ ማንበብ የማትችል። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ እዚያው ካርቱም፣ ከሕፃናት ጋራ አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቤ ነው። እንደዚያ አፍሬ ያገኘሁትን ዕውቀት ማንም እንዲቀልድበት አልወድም ነበር። ጴንጤዋ ደግሞ «የኔታ» እያለች ትቀልድብኛለች።

በዚያ ሰሞን የስደተኞች ወረቀት በአዲስ ቢታጋ ይቀየራል ተባለ፤ ካርዱን ለማግኘት የዐሥሩንም ጣት አሻራ መስጠት ግድ ነው። ጴንጤዋ በመጀመሪያው ቀን ሰጥታ መጣች። እኔ አሠሪዬ ባወጣልኝ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለምኖር ነገሩ አይነካኝም። ሻይ ሻጯ ግን ቀረች። አንድ ባሕታዊ ተናገረው የተባለ ድምፅ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞር ነበር፤ ይህ አሻራ በራእይ የተነገረው የአውሬው ምልክት ነው፣ የሰጠ ሰው በመጨረሻው ቀን ዕጣ ክፍል የለውም ይላል። እሷም ሰምታው እንቅልፍ አጣች። ቢታጋ ከሌላት ደግሞ ፖሊስ መንገዱን ጠርጎ ሰው ሲያፍስ፣ ካሻ ሲመጣ ማለት ነው፣ ወደ መተማ ትጫናለች። ከመተማ ወዲያ ወንድሟን ያሰሩት ሰዎች እሷንም በስም ይፈልጓታል።

ምዝገባው ኅሙስ ሊያበቃ፣ በፊቱ ባለው ዓርብ ሦስታችንም ግቢው ውስጥ ልብስ እናጥብ ነበር።

«ሂጂና ቀለሙን ነክተሽ ነይ፣ ኻላስ!» አለቻት ጴንጤዋ። «አውሬው የሚመጣው እኛ ከተነጠቅን በኋላ ነው። ጌታ አስቀድሞ የራሱን ሰዎች ይወስዳል፤ መከራው ከዚያ ወዲያ ነው። እኔ እዚህ ተቀምጬ ካልሲ ሳሽ እያየሽኝ የምን አውሬ ነው? እኔን ያጣሽኝ ዕለት ያን ጊዜ ፍሪ።»

«አንቺን ወስዶ ምን ያደርግሻል? ሰማዩን በወሬ ልትበጠብጪ?» ሻይ ሻጯ ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም፤ ወደኔ ዞረች። «እትዬ፣ እውነቷን ነው? መጽሐፉ እንደሱ ይላል?»

መልሱን ዐውቀው ነበር። አባቶች ሲተረጕሙት ምልክቱ ወዶ ፈቅዶ ክርስቶስን መካድ ነው፤ ግምባር የተባለው ሐሳብ፣ ቀኝ እጅ የተባለው ሥራ ነው። የቢሮ ቀለም ማንንም አያስክድም። ይህን ብናገር ግን «አየሽ፣ የኔታም መሰከረችልኝ» ልትል ነው ያቺ። የተሳሳተ ትርጕም ይዛ ትክክለኛው ቦታ መድረሷ አንገበገበኝ።

«አይልም» አልሁ። «ሰው ሳያይ በስውር መነጠቅ የሚባል ነገር የለም። ጌታ የሚመጣው አንድ ጊዜ ነው፤ መለከት እየተነፋ፣ ዓይን ሁሉ እያየው። ሐዋርያው በደመና እንነጠቃለን ያለውም ስለዚያው ቀን ነው። በአውሬው ዘመን ምእመናን እዚሁ ምድር ላይ ናቸው፤ በመከራው ውስጥ ያልፋሉ እንጂ ከመከራው አይሸሸጉም።»

ጴንጤዋ አንድ ሁለት ጥቅስ ሞከረች። ሁለቱንም ምዕራፍና ቍጥር እየጠራሁ አፈረስሁባት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ድምፄ ከፍ ማለቱ ለራሴም ይታወቀኛል።

«እሺ የኔታ፣ አሸነፍሽ» አለች፣ አረፋውን ከክንዷ እየጠረገች። «ታዲያ ትሂድ ወይስ አትሂድ?»

«እኔ የተጠየቅሁት ስለ መጽሐፉ ነው።»

ሻይ ሻጯ እጇን ሳፋው ውስጥ እንደነከረች ቀረች። «እዚሁ የምንቆይ ከሆነ» አለች ለራሷ፣ «ምልክቱ ይኼው አሻራ ሊሆን ይችላላ።»

ሰማኋት። ሸሚዜን ጨምቄ ሰጣሁ።

ኅሙስ ጠዋት ብርጭቆዎቿን በካርቶን ይዛ እንደ ወትሮዋ ወደ ሥራ ስትወጣ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አነብ ነበር። ደኅና ዋይ አለችኝ። ደኅና ዋይ አልኋት።

ወር ሳይሞላ ካሻ አርካዊት መንገድ ላይ ሻይ ሻጮቹን አፈሰ። ወሬውን ያመጣችው ጴንጤዋ ናት። ልብስና ዳቦ ቋጥረን አብረን ወደ እስር ቤቱ ሄድን። በብረቱ በኩል ሲያገናኙን ሻይ ሻጯ ጴንጤዋን ሰላም እንኳ ሳትል ወደኔ ተጠጋች፤ ጣቶቿን አሾልካ አወጣች። ዐሥሩም በቀለም ጠቍረዋል።

«የሚጫነውን ሰው ሁሉ ያስነኩታል፣ እትዬ። እምቢ ብል ለሁለት እጄን ጠምዝዘው አስነኩኝ። በግድ ከሆነስ ይቆጠራል?»

«አይቆጠርም።»

«መጽሐፉ ላይ አለ?»

«አለ።»

«ስንተኛው ላይ? ንገሪኝ፣ ልያዘው።»

ጠባቂው «ያላ፣ ያላ!» እያለ በሩን ይመታል። እንደዚያ የሚል ቃል የትም ምዕራፍ ላይ አላነበብሁም። መጽሐፉ ውስጥ ባለ ምዕራፍ ላይ የሌለ ቃል መለጠፍ ደግሞ ፈራሁ። በጨነቀኝ ሰዓትም እንዲህ ነኝ።

«ራእይ ሃያ ሦስት» አልኋት።

«ሃያ ሦስት። ሃያ ሦስት» እያለች ወደ ውስጥ ገፏት። በማግስቱ ተጫነች።

ከእስር ቤቱ ስንመለስ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ተሳፈርን። ጴንጤዋ ወደኔ ዞረች።

«ራእይ የሚያልቀው ሃያ ሁለት ላይ ነው።»

«ዐውቃለሁ።»

«እዚያ ስትደርስ፣ የሚያነብላት ሰው ብታገኝስ?»

አላሰብሁበትም ብዬ ልመልስላት አፌን ከፈትሁ፤ እውነቱ ግን አስቤበት ነበር። ረክሻውን አስቆመችና ወረደች። ዴም ገና ሩቅ ነበር።