በብብት የሚሞቅ ቀንድ

አጎቴ ሰውን ሰላም የሚሉት በቀኝ እጃቸው ብቻ ነበር። ግራ ክንዳቸው ከጎናቸው አይላቀቅም። ብብታቸው ሥር፣ ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል የወሰዱት መግል በትንሽ የፍየል ቀንድ ተደፍኖ ይሞቃል። የደብረ ታቦርን ልጆች ክንድ በጥተው የሚከትቡት በእሱ ነው።

«አያ፣ ለምን ጓዳ አያስቀምጡትም?» ስላቸው፣ «ከሰው ገላ የወጣ ነገር የሰው ሙቀት ካጣ ይሞታል፤ አንቺም ብትሆኚ» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ በሁለት ክንዳቸው አቅፈውኝ እንደማያውቁ ያስተዋልኩት አሁን ነው።

ዘንድሮ ፈንጣጣው መንደራችን ሳይገባ ልቅደም ብለው በሽታው እስከ ገባበት እስከ አንበሳሜ ድረስ ሄደው መግል ይዘው መጡ። መንገድ ላይ ውርጭ መትቷቸው ኖሮ፣ በደረሱ ማግሥት አልጋ ያዙ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሱም። ስንገንዛቸው ግራ ክንዳቸው አልላቀቅ አለን። ቄሱ እንደ ምንም አላቅቀው ቀንዱን ሰጡኝ፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ይኸው፣ እንደ እሳቸው ልማድ በብብቴ ይዤዋለሁ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ደጃችን ላይ ቆመዋል።

«አሁንስ ሞቀ?» ይሉኛል።

የእኔ ገላ ራሱ ከቀብሩ ወዲህ አልሞቀም።