አክስቴ ያጠረችበት ቀን

አክስቴን የግቢው ሰው በሌለችበት «ሜትር» ይላታል። አንድም ሥራዋ ለካይ ስለሆነና ቢጫ ሜትሯ ከአንገቷ ስለማይወርድ ነው፤ አንድም ቁመቷን ለማሽሟጠጥ ነው። እኔ በቁመቷ አልቀልድም፤ ቁመት እግዜር የሰጠው ነው። ቅናቷ ግን የገዛ ራሷ ሥራ ስለሆነ እሱን አልምራትም።

የምትቀናው በአንድ ሰው ብቻ ነው፤ በእናቴ፣ በታናሽ እህቷ። ነገሩ የጀመረው በልጅነታቸው ነው ይባላል። አያቴ ከአንድ ጣቃ ሁለት ቀሚስ አሰፋችላቸው። እናቴ ላይ ልክክ አለ፣ አክስቴ ላይ መሬት ጠረገ። «ታናሽ ሆና እንዴት ትበልጠኛለች?» ብላ ያኔ ያኮረፈችው ኩርፊያ እስከ እርጅና ተከተላት።

ስለዚህ የእኩልነት ደንብ ሲታወጅ ከግቢያችን ሰው ከልቧ እልል ያለችው አክስቴ ብቻ ናት። ደንቡ ማንም ከማንም አይበልጥም ይላል። ለሁሉም ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መደርደሪያ፤ መደርደሪያውም በሁሉም ቤት እኩል ከፍታ ላይ ይመታል። የተሻለ ክፍል ይዞ የሚኩራራ እንዳይኖር ደግሞ ወቅት በተለወጠ ቁጥር ሁላችንም ጨርቄን ማቄን ሳንል አንድ በር ወደ ቀኝ እንዛወራለን። ለራሱም ሆነ ለሌላ ሰው ለይቶ አንድ ነገር ያሳመረ ወንዝ ማዶ ወዳለው ማደሪያ ይወሰዳል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ለልጁ ቀሚስ ኪስ ጨመረላትና ተወሰደ። እስካሁን አልተመለሰም።

አክስቴ ለካይ ሆና ተቀጠረች። መጀመሪያ የማንን ቤት እንደለካች መናገር አያሻም። የእናቴን መጋረጃ «በአንድ ጣት ረዝሟል» ብላ ቆረጠችው። እናቴ በእጇ ጠርባ የሠራችውን በርጩማ ለማገዶ ሰጠችው። እናቴ ወንበር ከሚሠራበት ድርጅት ነው የምትውለው፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ወንበር ትሠራለች፣ በርጩማዋ ግን ልዩ ነበር። ሲነድ ቆማ አየችው።

አክስቴን ያሳረራት ከዚያ ሁሉ በኋላም እናቴ መብለጧ ነው። ኩባያው ያው ኩባያ ነው፣ አልጋ ልብሱም ያው ነው፤ እናቴ ስታስቀምጠው ግን ያምራል። አክስቴ እየመጣች ኩባያውን ከዚህ ወደዚያ ታዞረዋለች። ባዞረችበትም ያምራል። በቅናት ድብን ብላ ትወጣለች።

ያ የደንብ መደርደሪያ ደግሞ ለሷ አይደርስላትም። በሰው ቤት «ልክ ነው» እያለች የምታጸድቀውን መደርደሪያ በራሷ ቤት ባልዲ ገልብጣ፣ እላዩ ላይ ቆማ ነው የምትደርስበት። በየዝውውሩ ባልዲዋን ይዛ ትሄዳለች። አንድ ቀን ከባልዲው ወደቀችና ዳሌዋን ተጎዳች። ለአለቃዋ ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ወለሉ እኩል አይደለም!» እውነት መጥተው ወለሉን ለኩት። እኔ ሳቄ አላስቆም ብሎኝ ሮጬ ወጣሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። በራችን ላይ ቆማ፣ እህቷ እያነከሰች ግቢውን ስታቋርጥ ዓይኗን አልነቀለችም።

በሚቀጥለው ዝውውር አክስቴ የምትገባው እኛ በምንለቀው ክፍል ነበር። ልንወጣ ስንል እናቴ ከሥራ ቦታዋ መዶሻ በጉያዋ ይዛ መጣች።

«በሩ ላይ ቁሚልኝ» አለችኝ።

ከግቢያችን ጀርባ ያለው ብረት ቤት ቀን ቀን ሲቀጠቅጥ ጆሮ ያደነቁራል፤ የእናቴን መዶሻ ማንም አልሰማም። ዞር ብዬ ሳይ መደርደሪያው ዝቅ ብሏል።

«እማዬ፣ አብደሻል? የምትገባበት እኮ አክስቴ ናት!»

«ለሷ ነዋ ያወረድኩት።»

«ትነግርብሻለች!»

«ትንገራ» አለች ሚስማር ከአፏ እያወጣች። «ደግማ ወድቃ ከምትሰበር እኔ ወንዝ ማዶ ብሄድ ይሻላል።»

በዝውውሩ ቀን የአክስቴን ፍራሽ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እናቴ የላከችኝ ለእገዛ ነው፤ እኔ የሄድኩት ግን ፍርሃት አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። አክስቴ ልብሷን ስታጣጥፍ እኔ ኩባያዋን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩላት። ከዚያ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። በሩን ለካች፣ መስኮቱን ለካች። መደርደሪያው ጋ ስትደርስ ሜትሯን ዘረጋች፣ ሰበሰበች፣ እንደገና ዘረጋች። ፊቷ ቦግ አለ።

«እጅ ከፍንጅ!» አለች። «ያቺ ጨዋ፣ ያቺ ምስጉን እናትሽ!»

«እትዬ፣ በናትሽ...»

«ዝም በይ! አለቃዬ አሁን ለቁጥጥር ይመጣል፤ ይየው። ዕድሜዬን ሙሉ ‹እህትሽ እንዴት ታምራለች፣ እህትሽ እንዴት ባለሙያ ናት› ስባል ኖርኩ። ዛሬ ደግሞ ይበሉ እስቲ!»

የሌላውን ሰው ቤት የምትለካው እሷ ናት፤ የሷን ቤት ግን አለቃዋ ራሱ መጥቶ ያያል። ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ወዲያ ወዲህ ስትል ደስታው ጉሮሮዋን ሳያደርቀው አልቀረም፣ ውሃ አሰኛት። ባልዲዋን በዓይኗ እየፈለገች ሳታስበው እጇን ወደ ላይ ሰደደች። ኩባያው እጇ ገባ።

ቀጥ ብላ ቆመች። ኩባያውን መለሰችው። እንደገና አወረደችው፣ እንደገና መለሰችው። አንዴም አልተንጠራራችም።

«ይቺ ሴትዮ» አለች በመጨረሻ፤ ድምጿ ተለውጧል። «ለኔ ብላ ነው?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩላት።

አለቃዋ ሳያንኳኳ ገባ። ከሲታ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው። ዙሪያውን አየና ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ቆመ።

«ይሄ ዝቅ ያለ መሰለኝ።»

«በልኩ ነው ጌታዬ፤ ለክቼዋለሁ» አለች አክስቴ።

የባልዲዋን ነገር ያውቃል። «እስቲ ኩባያሽን አውርጂ» አላት። ከደረሰችበት ነገሩ አለቀ፤ እናቴ ተወሰደች ማለት ነው።

አክስቴ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ቀሚሷ ዛሬም መሬት ይጠርጋል። በዚያ ቀሚስ ውስጥ ጉልበቷን አጠፈች። እሱ አላስተዋለም፤ ፍራሹ ላይ ዝቅ ብዬ የተቀመጥኩት እኔ ግን የቀሚሷ ጠርዝ እግሯ ሥር ሲከመር አየሁ። ተንጠራራች፣ አቃሰተች፣ ጣቶቿ ከጣውላው በታች ግድግዳውን ቧጠጡ።

«አይደርስልኝም ጌታዬ፤ መቼም ቁመቴን ያውቁታል» አለች። «አንቺ ልጅ፣ ያንን ባልዲ አቀብይኝ!»

ባልዲ እስኪመጣ የሚጠብቅበት ትዕግሥት ከየት ይምጣ! «ይሁን፣ ይሁን» ብሎ ወጣ።

እናቴን እበልጣለሁ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ስትንጠራራ የኖረች ሴት ለእናቴ ብላ አጠረች። ከዚያን ቀን ወዲህ በአክስቴ የሚቀልድ ከኔ ጋር ነው ጠቡ፤ እኔ ብቀልድ ሥጋዋ ነኝ።

ታዲያ ቅናቱ ለቀቃት? የት አባቱ! ያንኑ ቀን እናቴን ውሃ ቧንቧው ጋ አግኝታ «መደርደሪያሽ ጠማማ ነው» አለቻት።

«እትዬ፣ ውሃ ጠጣሽ?» አለቻት እናቴ።

«ጠጣሁ።»

በዚሁ ተለያዩ። እኔን ለብቻዬ ስታገኘኝ ግን አንጀቷ አሮ ነበር። «ቁመቱም የሷ፣ መልኩም የሷ፣ ሙያውም የሷ። አሁን ደግሞ ድፍረቱም የሷ ይሁን? ለኔ ምን ተረፈኝ?»

ወቅቱ ተለወጠና ደግሞ ተዛወርን። አክስቴ የገባችበት ክፍል መደርደሪያ ዝቅ ብሎ ጠበቃት፤ አለቃዋም ሲመጣ ጉልበቷን አጠፈች። እሷ በለቀቀችው ክፍል ረጅሙ ጎረቤታችን፣ ሸክም ተሸካሚው ገባ፤ በየክፍሉ መደርደሪያ ሲገጨው ግንባሩን እብጠት ተለይቶት አያውቅም። ይሄ ሰው አንድ ቀን እናቴን በሹክሹክታ ጠርቶ አስገባት፤ እኔም ተከተልኳት። መደርደሪያው ከራሱ በላይ ወጥቷል። ጠርዙ በጠርሙስ ስባሪ ተፍቆ ለስልሷል። ከሥሩም ለሸክም ገመዱ መስቀያ ተመትቶለታል።

«እግዜር ይስጥልኝ እናታለም» አላት። «ግንባሬን አሳረፉልኝ።»

እናቴ ግን በዚያ መደርደሪያ እጇ የለበትም። ጠርዙን በመዳፏ ዳበሰችው።

በማግሥቱ ቧንቧው ጋ አክስቴን አገኘናት። አውራ ጣቷ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ጠቁሯል።

«እትዬ» አለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መስቀያውን እንዴት አሰብሽው? እኔ እኮ... መስቀያ ትዝም አላለኝ።»

ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ ሳየው የኖርኩት ፊት ነው፤ እናቴ ላይ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴ ቀናች።

አክስቴም አየችው። «የምን መስቀያ?» አለችና ጣቷን በቀሚሷ ሸሸገች። አንጀቷ ግን ቅቤ ጠጥቷል፤ ባልዲዋን ሞልታ ስትሄድ ማነከሷን እንኳ ረስታ ነበር።

በሚቀጥለው ዝውውር እንደ ልማዴ ፍራሿን ተሸክሜ እናቴ ወደለቀቀችው ክፍል አስገባኋት። መደርደሪያው ዝቅ ብሏል። ጠርዙ ከተሸካሚው ቤትም ይበልጥ ለስልሷል። ከሥሩ ሁለት መስቀያ አለ፤ አንዱ ለሜትሯ፣ አንዱ ለባልዲዋ።

አክስቴ ምንም አልለካችም። መስቀያዎቹን ትክ ብላ አየቻቸው።

«ሁለት!» አለች። «እኔ አንድ ስመታ እሷ ሁለት!»

ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ አንዱ መስቀያ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና ወደኔ ዞረች።

«አንቺ ልጅ፣ ተጨማሪ ሚስማር ከየት ነው የሚገኘው?»