እግራቸው የጠፋ ፊደሎች

ዛሬ ጠዋት ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ ጥይት ከበሳሳው ግድግዳ ሥር ቆሜ የቀለም ጣሳ ክዳን ፈልቅቄ ሳነሳ የቲነሩ ሽታ አፍንጫዬን ወጋኝ። ከአባቴ ልብስም ከጸጉሩም የማይለቅ፣ እናቴ በምን ሳሙና ብትፈትገው አልወጣ ያላት ሽታ ነው፤ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ከእኛ ቀድሞ በር ላይ የሚቀበለው እሱ ነበር።

አባቴ የዴም ሰው ‹‹ኡስታ››፣ ባለሙያው፣ እያለ የሚጠራው ማስታወቂያ ጻፊ ነበር። የሻይ ቤቱን፣ የጸጉር ቤቱን፣ የልብስ ሰፊውን ስም በአረብኛም በአማርኛም የጻፈው እሱ ነው። ፊደል የሚመርጠው አምሮ ስለታየው አልነበረም። ማን ነው የሚያነበው፣ ከምን ያህል ርቀት፣ ቆሞ ነው ወይስ ከሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ብሎ ይጠይቅና፣ ወረቀት ላይ በከሰል ነድፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ መንገዱን ተሻግሮ ዓይኑን እያጨነቆረ ያያል። ከተጣበቁ ያራርቃቸዋል፣ ከቀጠኑ ያወፍራቸዋል፣ ጌጥ ካበዛባቸው ደግሞ ራሱን ይሳደባል።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ ከወሎ መጥተው ስንት ዘመን በሰው ቤት የሠሩት እትዬ ዘሃራ ምግብ ቤት ሊከፍቱ ሆነ። ደንበኞቻቸው እንደ እሳቸው በየቤቱ የሚሠሩ ያገራቸው ልጆች ናቸው፤ ዓርብ ዓርብ ለእረፍት ሲወጡ አረብኛ ማንበብ ስለማይችሉ ዴምን ሲዞሩ ይውላሉ። ቤቱን ያከራያቸው ሱዳናዊ ሐጂ ግን አረብኛው ግድግዳውን እንዲሞላ፣ አማርኛው ከሥር በጣት ቁመት እንዲጻፍ አዘዘ። አባቴ እኩል ይሆናል አለ።

የእኔ ጥፋት የመጣው እዚህ ላይ ነው። ካርቱም ተወልጄ ያደግሁ፣ በትምህርት ቤት በአረብኛ የቁም ጽሕፈት የተመሰገንኩ ልጅ ነበርኩ፤ እጄ የለመደው አግድሙን ማወፈር፣ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ማቅጠን ነው። አባቴ አምኖ ብሩሹን ሰጠኝ፣ እኔም አማርኛውን በዚያው ልማዴ ጻፍኩት። በቅርብ ሳየው ኮራሁበት። መንገዱን ተሻግረን ስናየው ግን የፊደሎቹ እግር ጠፍቶ ጭንቅላታቸው ብቻ አየር ላይ ቀርቷል። እትዬ ዘሃራ ይዘዋት የመጡት፣ በቅርቡ ካገር ቤት የገባች ልጅ ትኩር ብላ አየችና ‹‹እኔ እንጃ፣ ይሄም አረብኛ ነው መሰለኝ›› አለች።

ሐጂው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ‹‹ያ ኡስታ፣ አልኩህ እኮ፣ የናንተ ፊደል ለትልቅ ለፍታ፣ ለትልቅ ማስታወቂያ አይሆንም። ያላ፣ አሳንሰው።››

አባቴ አልተቆጣኝም፤ ያን ቀን ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነክሮ ጠረገው፣ ከዚያ እጄን በእጁ ይዞ እግሮቹን አወፈረ፣ አግድሙን አቀጠነ፣ በመካከላቸው ክፍተት ሰጣቸው፣ ቁመታቸውንም ከአረብኛው ጋር እኩል አደረገው። ልጅቷ ከማዶ ሆና ‹‹ዘሃራ ምግብ ቤት›› ብላ ሳትደናቀፍ አነበበችው። በማግስቱ ሐጂው ኖራ ቀባበት። አባቴ ኖራው እስኪደርቅ ጠብቆ በዚያው ቁመት ጻፈው። ሐጂው ደግሞ ቀባ፣ አባቴ ደግሞ ጻፈ። በሦስተኛው ሐጂው ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠና አባቴ ሲጽፍ እስኪጨርስ አየው፤ ‹‹ኸላስ፣ ይሄ ሰውዬ ራሱ ግድግዳ ነው›› አለና ምሳ አዘዘ።

አሁን አባቴ የለም። እትዬ ዘሃራም ጦርነቱ ሲነሳ ተሰደው የት እንደደረሱ አላውቅም። አባቴ ከጻፋቸው ማስታወቂያዎች አንድም አልተረፈ፤ ግድግዳው ፈርሷል፣ ቆርቆሮው ተነቅሎ ሄዷል። ዛሬ ግድግዳው ሥር የቆምኩበትን ሱቅ እንደገና የሚከፍተው ሰው ኮምፒውተር ላይ ያሠራውን ንድፍ በስልኩ አሳየኝ፤ አረብኛው ተንሰራፍቶ፣ አማርኛው ከሥር ተጨምቆ። ‹‹ሐበሾቹ እኮ ሄደዋል፣ ማን ያነበዋል?›› አለኝ፤ ክፋት የለበትም። እውነቱን ነው፣ ጠዋቱን ሙሉ በዚህ መንገድ አማርኛ የሚያነብ ሰው ሲያልፍ አላየሁም። ስልኩን መለስኩለትና ሁለቱን እኩል አድርጌ ነደፍኩ። የሄዱት ይመለሱ ይሆናል፤ ላይመለሱም ይችላሉ። ማንም ባይመለስ እንኳ አላሳንሰውም።